ቅቤ የገባበት ዓርብ

እኔ በሙያዬ ዕቅድ አውጪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የሠራሁትን ስታነቡ «ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?» እንዳትሉ ነው። ምንም አልነካኝም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት ዕቅድ ሳወጣ ኖሬያለሁ። የዕቅድ ሥራ ጥሩነቱ፣ አንተ ታወጣለህ፣ የሚፈጽመው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ካልተሳካም ጥፋቱ የአፈጻጸም ይባላል። የእኔ ጉድ የመጣው ያወጣሁትን ዕቅድ ራሴ እንድፈጽም የተገደድኩ ዕለት ነው።

ነገሩ የጀመረው በጭቃ ነው። ቦንጋን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁ ግን ልንገራችሁ፤ ቦንጋ ላይ ሜዳ የተፈቀደው ለኳስ ብቻ ነው። ሌላው ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም ቁልቁለት ይሆናሉ። እኔ ለመስክ ሥራ ደካ ወደሚባል ቦታ ወርጄ የመንገዱን ጭቃ «መጠነኛ ተግዳሮት» ብዬ ሪፖርት ውስጥ እያስገባሁ ሳለ፣ ባለቤቴ ዘነበች ከገዛ በራችን ፊት ባለው ጭቃ ተንሸራትታ ወደቀች። ቀኝ እጇ ተሰበረ። ሐኪሙ በጀሶ ጠቅልሎ አንገቷ ላይ አንጠለጠለላትና ስድስት ሳምንት እንዳትነካው አስጠነቀቃት።

እጇ ተሰበረ ሲሏት አላለቀሰችም። ጀሶ ሲደረግላትም አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ቤት ገብታ ቀን ስትቆጥር ነው። ጥቅምት ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተራዋ ነበር።

ይህ ማኅበር ከእናቷ የወረሰችው ነው። ሠላሳ ያህል ሰው ናቸው። ተራ የደረሰው ሰው በወሩ ሃያ አንድ ቤቱን አሰናድቶ፣ ዳቦና ጠላ አቅርቦ፣ ቄስ ባርከውት ይበላል ይጠጣል። ዘነበች ተራዋ በደረሰ ቁጥር በእጇ ጋግራ እንጂ የገዛችበት ጊዜ የለም። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ዳቦ በቀመሱ ቁጥር ፍርድ ይሰጣሉ። አንዷ ሴት ባለፈው ዓመት ያቀረበችውን ዳቦ ቀምሰው «ሰምተናል» ብቻ ብለው አለፉ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ዳቦ ቤት በር ላይ ስታልፍ አንገቷን ትደፋለች። የዘነበችን ዳቦ ግን አንድም ቀን ነቅፈውት አያውቁም።

የማኅበሩ ሴቶች መሰበሯን ሲሰሙ መጥተው «አንቺ ዝም ብለሽ ተኚ፣ እኛ ጋግረን እናመጣለን» አሏት። ደግነት ነበር። እሷ ግን እነሱን ሸኝታ ግድግዳውን እያየች ቀረች። «ማርያምን በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ ቁጭ ብዬ ልቀበላት ነው?» አለችኝ። አሳዘነችኝ። ሰው ሲያዝን ደግሞ አፍ ቀድሞ ይሠራል።

«እኔ እጋግራለሁ» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ዘነበች ዕንባዋን በግራ እጇ ጠርጋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር በዚህ ቤት ያበሰልኩት ሻይ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ጊዜ ገንፍሎብኛል። ቢሆንም አልሳቀችብኝም። «እንዳታዋርደኝ» ብቻ አለችኝ። ይህቺ ቃል ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሥታኝ ከርማለች።

መቼም ባዶ እጄን አልነበረም የፎከርኩት። ቁም ሣጥናችን ላይ አንድ የዳቦ ማሽን ነበረን። የዘነበች እህት ከዓረብ አገር ስትመለስ ያመጣችልን ነው። ዱቄቱን፣ ውኃውን፣ እርሾውን ከላይ ትጨምርበታለህ፣ ቁልፉን ትጫናለህ፣ እሱ ያቦካል፣ ያስነሣል፣ ይጋግራል ተብሎ ነበር የመጣው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዳንቴል ለብሶ፣ በላዩ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት፣ እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እየተባለ ኖረ። በእኔ ግምት በቦንጋ ከተማ ከእሱ የበለጠ የተከበረና ምንም ያልሠራ ፍጡር ቢኖር መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ነው።

መመሪያውን አወጣሁት። በዓረብኛና በቻይንኛ የተጻፈ ነው። ሥዕሎቹን ግን ማንም ያነባቸዋል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቀረፋ የተነሰነሰበት፣ ተጠቅልሎ የተቆረጠ፣ ክብ ክብ ዳቦ አየሁ። አወቅሁት። ከሦስት ዓመት በፊት ለሥልጠና ከተማ ወጥተን፣ ሆቴሉ በሻይ ዕረፍት ሰዓት ያቀረበልን እሱን ነበር። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበር ዛሬ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። የቀረፋ ዳቦውን ግን አራት እንደበላሁና አምስተኛውን በናፕኪን ጠቅልዬ ኪሴ እንደከተትኩ በደንብ አስታውሳለሁ። ተራ ድፎ ማንም ያቀርባል፤ እኔ ይህን ለማኅበሩ አቀርባለሁ አልኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ያለው ማን ነበር?

ዕቅድ አወጣሁ። ዓላማ፣ ዝርዝር ተግባር፣ የሚጠበቅ ውጤት፣ ስጋትና መፍትሔ። ስጋት በሚለው ሥር «መብራት መጥፋት» እና «ድመት» ብዬ ጻፍኩ። አሠራሩን ደግሞ ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ቀዳሁት። ዱቄት፣ ለብ ያለ ወተት፣ ሁለት እንቁላል፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ እርሾ። ማሽኑ ያቦካዋል፤ ከዚያ አውጥቶ መዳመጥ፣ ቅቤ መቀባት፣ ቀረፋና ስኳር መነስነስ፣ መጠቅለል፣ መቁረጥ፣ መጋገር። ዕቅዱን ለዘነበች ሳነብላት በግማሹ እንቅልፍ ወሰዳት። መድኃኒቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

የመጀመሪያውን ሙከራ ከማኅበሩ በፊት ባለው እሁድ አደረግሁ። ሁሉንም ለክቼ ከተትኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ማሽኑ ጉር ጉር ማለት ጀመረ። አንድ ሰዓት ተኩል ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ጢጥ ጢጥ ሲል ዘልዬ ከፈትኩት። ዱቄቱ ዱቄት ነው፣ ወተቱም ወተት ነው፣ እንቁላሉ ከላይ ሆኖ ያየኛል። ለካ ከሥሩ የሚሰካ፣ ዱቄቱን የሚያዞር ትንሽ ብረት አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስለጠፋ ዘነበች የልብስ ስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣው ኖሯል። ብረቱ ተገኘና ሥራው እንደገና ተጀመረ። በሁለተኛው ዙር የወጣው ሊጥ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሕፃን ጉንጭ ነበር።

ያን ቀን ዐሥር ጥቅል ዳቦ ጋገርኩ። ዘነበች ሦስት በላች። ጎረቤታችን እትዬ ማርታ ሁለት በሉ። የቀረውን እኔ ጨረስኩትና ወረቀቴን አውጥቼ «የሙከራ ትግበራ፦ መቶ በመቶ» ብዬ ጻፍኩ። ዘነበች ስትስቅ ያየሁት ከተሰበረች ወዲህ ያን ዕለት ነው፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። ዓርብ ለሚውለው ማኅበር የሳምንት ፈቃድ ሞላሁ።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ ማርታ ጥቂት ልበላችሁ። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ ላምም ንብም የሚያረቡ የከፋ ተወላጅ ናቸው። ፕሮቴስታንት ናቸው፤ እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ይህ በመካከላችን የሚታወቀው በጾም ወቅት ብቻ ነው፣ ያኔ ወተቱን ከእኛ ቀንሰው ለሌላ ይሰጣሉ። ሐሙስ ማታ ሄጄ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ወተት በጆግ፣ እንቁላል በቆርቆሮ ተቀበልኳቸው። ምንም አልጠየቁኝም፤ እኔም ምንም አልነገርኳቸውም።

ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ዘነበችን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንድትስም፣ ከዚያም ሐኪም ቤት ጀሶዋን እንድታሳይ ላክኋት፤ እንግዶቹ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስኪገቡ ድረስ ማድ ቤት ድርሽ እንዳትይ ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ። ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለዐሥር ጥቅል የሚሆን ነው። አራት ዙር አቦካሁ። ማሽኑ ሲያቦካ እኔ እዳምጣለሁ፣ ስዳምጥ የኤሌክትሪኩ የዳቦ መጋገሪያ ይጋግራል። ቀረፋውን በሙቀጫ ወቅጬ፣ እንሰት ቅጠሉን ከሥር አንጥፌ፣ ቅቤውን በእጄ እያሻሸሁ፣ እያፏጨሁ ሠራሁ። መብራቱ ሳይቀር ያን ጠዋት አብሮኝ ዋለ። አምስት ሰዓት ሲሆን አርባ ጥቅል ዳቦ ሰፌድ ላይ ተደርድሮ ይታየኝ ነበር። ድመቷ በመስኮት እያየችኝ ስለነበር ሁሉንም ተሸክሜ መኝታ ቤት አስገብቼ አልጋ ሥር ደበቅኋቸው። ሁለቱን ብቻ ለእትዬ ማርታ ብዬ አስቀረሁ።

እትዬ ማርታ የጆጋቸውን ክዳን ሊወስዱ ብቅ አሉ። አስቀመጥኳቸው፣ ዳቦ ሰጠኋቸው። አንዱን በልተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሁለተኛውን ወደ እኔ ገፉት።

«አንተም ቅመስ እንጂ። ከጠዋት ጀምሮ ስትለፋ አይቼሃለሁ።»

«ዛሬ ዓርብ አይደል፣ ጾመኛ ነኝ» አልኳቸው።

እትዬ ማርታ ዳቦውን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ጥግ ላይ የወደቀውን፣ ቅቤ የመጣበትን የእንሰት ቅጠል አዩ።

«እንግዶችህስ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

አንባቢዎቼ፣ ሰው የገዛ ቃሉን ሰምቶ ሲደነግጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከጎህ ጀምሮ ጾሜን እንዳልገድፍ ብዬ ጣቴን እንኳ አልላስኩም ነበር። ቅቤ ያለበትን እጄን በሳሙና እየታጠብኩ፣ ምራቄን እየዋጥኩ፣ በከፍተኛ ጥንቃቄ ለሠላሳ ጾመኛ ሰው አርባ የቅቤ ዳቦ ጋገርኩ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ አንድ ነው፤ የማኅበር ዳቦ ከጥንት ጀምሮ ዱቄትና ውኃ ነው። ሃያ አንድ ዓርብ ላይ ቢውል፣ ረቡዕ ላይ ቢውል፣ ስለ ዳቦው የሚጨነቅ ሰው ኖሮ አያውቅም። ዳቦ ዳቦ ነው ብሎ አእምሮዬ ተኝቷል። ጾሙ በአንድ መዝገብ፣ ዳቦው በሌላ መዝገብ ተቀምጠው፣ ሁለቱ መዝገቦች የተገናኙት እትዬ ማርታ ፊት ነው።

በዚያች ቅጽበት ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። እሁድ ዕለት ዘነበች ሦስተኛዋን ጥቅል ስትውጥ «ለዓርቡ በዘይት ታደርገዋለህ አይደል?» ብላኝ ነበር። እኔም መቶ በመቶ የሚለውን ከመጻፌ ቀና ሳልል «ተይዟል» አልኳት። በመሥሪያ ቤታችን ተይዟል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

እትዬ ማርታ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አሉ። ካፊኖኖ የምሰማው በግማሽ ነው፤ የሰማሁት ግማሽ ግን ይበቃኝ ነበር። ዕቃ ሊያመጡ እየሮጡ ወጡ፣ እኔም ወደ ማሽኑ ዞርኩ። ማሽኑ ላይ የቀረውን ቅቤ በፈላ ውኃ አጠብኩ። ዱቄት፣ ውኃ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ እርሾ። ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ ጉር ጉር ማለት ጀመረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዳይሆንብኝ በማርያም ስም እየለመንኩ ቆምኩ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ መብራት ጠፋ።

መጣ። ማሽኑ ጢጥ ብሎ ምንም እንዳልተሠራ ቆጥሮ ከዜሮ ጀመረ። እንደገና ጠፋ፣ እንደገና መጣ፣ እሱም እንደገና ከዜሮ። አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር ዕቅድ እንደ አዲስ የሚያስወጣንን መሥሪያ ቤቴን አስታወሰኝ፤ የለመድኩት ነገር ስለሆነ ለጊዜው እንኳ ተጽናናሁ። አራተኛው ላይ መብራቱ ጨርሶ ሄደ። ማሽኑን ስከፍተው ዱቄቱ ግማሹ ረጥቧል፣ ግማሹ ደርቋል፣ መካከሉ ላይ ያ ትንሽ ብረት ቆሟል።

ዘነበች የገባችው በዚህ ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በሩ ላይ ቆሜ «አትግቢ፣ የሥራ ቦታ ነው» አልኳት። በጤናው እጇ ገፋ አድርጋኝ ገባች። ማሽኑን አየች። እንቁላል ቅርፊቱን አየች። ቅጠሉን አንሥታ አሸተተች።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ ሁሉንም ነገርኳት። ዳቦዎቹ አልጋ ሥር እንዳሉም ነገርኳት። ፊቷን ማየት አቃተኝ። ቅድም ስትሄድ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሏት ነበር የወጣችው። አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመነችኝ። አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ፤ በሪፖርት ቋንቋ የሚሸፈን ዓይነት አልነበረም።

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች። «ጾመህ ነው የጋገርከው?» አለችኝ።

«ጾሜ ነው።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለቅሶ መስሎኝ ስጠጋ ሳቅ ነው። የተሰበረውን እጇን በደኅናው ደግፋ፣ «አመመኝ፣ አታስቀኝ» እያለች ሳቀች። ከዚያ ዕንባዋን ጠረገችና ድንገት ሌላ ሰው ሆነች።

«እጅህን ታጠብ። እስከ ክርንህ ድረስ።»

ከዚህ በኋላ ያለው ሦስት ሰዓት ያህል እንዴት እንዳለፈ በቅጡ አላውቅም። እትዬ ማርታ አንድ ጣሳ የዳበረ እርሾና አንድ ማዳበሪያ ከሰል ይዘው ተመለሱ። ዘነበች ከማሽኑ የወጣውን ግማሽ የቦካ ሊጥ ቡሃቃ ውስጥ ገለበጠችው፣ እርሾውን ጨመረችበት፣ ዱቄትና ውኃ እያስጨመረች ለሠላሳ ሰው እንዲበቃ አበዛችው። እኔ በሁለት እጄ፣ እሷ በግራ እጇ አንድ ላይ ማሸት ጀመርን። እኔ ሊጥ ማሸት ማለት መደብደብ መስሎኝ ነበር። «አትቆጣው፣ እጠፈው፣ ግፋው፣ መልሰው» ትለኛለች። እጇ እጄን እየገፋ ያሳየኛል። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ገበታ ስንበላ አንድ ቡሃቃ ውስጥ እጃችንን የከተትነው ያን ቀን የመጀመሪያችን ነው። ደስ አለኝ። ለደስታ የሚመች ሰዓት ስላልነበር ግን አልነገርኳትም።

ሊጡ ከምድጃው አጠገብ ሲነሣ ቀረፋው ማለቁ ታወቀ። ጠዋት በቅቤው ላይ ሙልጭ አድርጌ ጨርሼዋለሁ። እትዬ ማርታ ተገርመው አዩኝ፤ ከፋ ውስጥ ተቀምጦ ቅመም አጣሁ የሚል ሰው ሲያዩ መቼም አይፈረድባቸውም። ጓዳችን ውስጥ የተንጠለጠለ ኮረሪማ ነበር። ፈልፍለው፣ ወቅጠው፣ ከስኳር ጋር ቀላቅለው ሰጡን። ዳመጥኩ፣ ዘይት ቀባሁ፣ ነሰነስኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ቆረጥኩ። ዘነበች ጥቅሎቹን ትልቁ የዳቦ ድስት ውስጥ፣ እንሰት ቅጠሉ ላይ፣ አንዱን ካንዱ አጣብቃ ደረደረቻቸው። ቄሱ የሚባርኩት አንድ ሙሉ ዳቦ መሆን አለበት፣ ሲነሡ ይያያዛሉ አለችኝ። ከላይም ከሥርም ከሰል አደረግን። እትዬ ማርታ ክዳኑ ላይ ፍም ሲያዞሩ፣ እኔ ሳራግብ፣ ቅንድቤ በከፊል ሄደ። አሁን በቅሏል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ማኅበርተኞቹ እግራቸውን ከጭቃ እየጠረጉ ገቡ። ድስቱ ገና ከወረደ ሩብ ሰዓት አልሞላውም። ጠላው ቀድሞ የተጠመቀ ስለነበር እሱ አላሳፈረንም። ሁሉም ተቀመጠ፣ ቄሱ ጸሎት ሊጀምሩ ቆሙ። ያኔ ነው ያልታሰበው የመጣው።

ሽታው። የቅቤው ዳቦ አልጋ ሥር ሆኖ፣ በመኝታ ቤቱ በር ሥር እየሾለከ፣ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ሠላሳ ጾመኛ ሰው ቀረፋና ቅቤ እየሸተተው ምራቁን ሲውጥ በዓይኔ አየሁ። አንዲት አሮጊት ስማቸው እንደተጠራ ሁሉ ደጋግመው ወደ መኝታ ቤቱ በር ይዞራሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እዚህ ቤት ውስጥ የሚሸተው ምንድን ነው?»

እኔ ተነሥቼ፣ በዕቅድና በአፈጻጸም መካከል አንዳንድ ክፍተቶች መታየታቸውን፣ ክፍተቶቹም ከቅንጅት ማነስ የመነጩ መሆናቸውን መናገር ስጀምር ዘነበች በደኅናው እጇ ኮቴን ጎትታ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ራሷ ነገረቻቸው። ምንም አልደበቀችም። ጾሜ መጋገሬን፣ ጣቴን አለመላሴን፣ «ተይዟል» ማለቴን፣ እንዲሁም ሁሉም አልጋ ሥር መሆኑን። እንዳታዋርደኝ ያለችኝ ሴት ራሷ ቆማ ጉዱን ስትዘረግፈው ጆሮዎቼ ጋሉ።

ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን ያዙ።

«ማስረጃው ይቅረብ» አሉ።

ሰፌዱን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ሳሎኑ መካከል አስቀመጥኩት። ሠላሳ ሰው አንገቱን አስግጎ አየ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ጣሪያው ተመለከቱ። ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው በመነጽር፣ ከዚያ ያለ መነጽር መረመሩ። ቀና ብለውም ጉዳዩ ለነገ መቀጠሩን፣ ነገ ቅዳሜ ስለሆነ እያንዳንዱ ማኅበርተኛ ድርሻውን በቅጠል ጠቅልሎ እንዲወስድና በየቤቱ እንዲያጣራ ወሰኑ። ለራሳቸው ሁለት እንዲያዝላቸው ጨመሩበት። መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው፤ ከዚያ ቤቱ ሊፈርስ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ የጾሙ ዳቦ ቀረበ። ጥቅሎቹ ተያይዘው ክብ ድፎ ሆነዋል፣ አንድ ጎናቸው ግን ጠቁሯል። ቄሱ ባርከው ቆረሱ፣ ለሁሉም ደረሰ። ያን ጊዜ ግን አንድም የሚስቅ ሰው አልነበረም። ቀልዱ ሌላ ነው፣ ዳቦው ሌላ። ዘነበች ግድግዳው አጠገብ ቆማ ጀሶዋን በግራ እጇ ይዛ ጋሽ ደምሴን ብቻ ታያለች። እኔ እሷን አያለሁ። ጋሽ ደምሴ ቆርሰው አፋቸው ከተቱ። አኘኩ። ቆም አሉ። እንደገና አኘኩ። እንደዚያ ዘግይቶ የሚያኝክ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።

«ዘነበች» አሉ በመጨረሻ። «እጅሽ ዳነ እንዴ?»

ዓይኗ ዕንባ ሞላ፣ ግን አልወረደም። ጀሶውን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«አልዳነም ጋሽ ደምሴ። እስኪድን በዚህ ሰውዬ እጅ እየሠራሁ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። የተቃጠለ ቅንድቤን፣ ከዚያ በጥፍሬ ዙሪያ የደረቀውን ሊጥ አዩ። ባዶ ሳህናቸውን አንሥተው፣ እንዲጨመርላቸው ወደ እሷ ሳይሆን ወደ እኔ ዘረጉ።